መሪ ክንድ «ተረት» አይደለም፦ ክርናችሁን እርሱት ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ጎልፍ በምንጫወት ሰዎች መሃል ከስልክ ስልክ እየተላለፈ ያለ አንድ ጽሑፍ አለ፣ አብዛኞቻችሁ ሳታነቡት አልቀራችሁም። ላልደረሰው ሰው ባጭሩ ሐሳቡ ይሄ ነው፦ በስዊንግ ጊዜ፣ ማለትም ዱላውን አንስተን ኳስ በምንመታበት እንቅስቃሴ፣ መሪ ክንድን፣ ማለትም በቀኝ ለሚመታ ሰው ግራ ክንዱን፣ ቀጥ አድርጉ የሚባለው ምክር ተረት ነው ይላል። ማስረጃ ብሎ ያቀረበው ደሞ ትልልቆቹ ተጫዋቾች ራሳቸው ክርናቸውን አጥፈው ነው ያሸነፉት፣ ክንድ ቀጥ ማድረግ ሰውነት ያደርቃል፣ ማጠፍ ባክስዊንጉን (ዱላውን ወደ ኋላ ማንሳቱን) ስለሚያስረዝመው ርቀት ይጨምራል፣ የታጠፈውም ክንድ ሲወርድ በራሱ ጊዜ ይዘረጋል፣ እኛ አገር ደሞ ከፍታ ስለሆነ ኳስ ያለ ብዙ ጉልበት ይሄዳል፣ በዛ ላይ ቀጥ ያለ ክንድ ክርን ይጎዳል የሚል ነው። መጨረሻው ላይ «ጀማሪ ስለ ክርኑ ጭራሽ ባያስብ ይሻለዋል» ብሎ ይዘጋዋል።

ጸሐፊው ጨዋታውን እንደሚወደው ያስታውቃል፣ ስለ ጎልፍ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው እንደ ልብ ስለማይገኝ ደሞ መጻፉን እንዲቀጥል ነው የምፈልገው። ግን ያቺን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኔ ሱሉልታ በኩል ሜዳ ላይ ልጆች አለማምዳለሁ፣ ላም የሚግጥበት ክፍት ሜዳ ነው፣ መምቻ ምንጣፍ የለ ድራይቪንግ ሬንጅ የሚባል መለማመጃ የለ፣ ስቲኮቹ (ዱላዎቹ) አሮጌ ናቸው፣ ኳሱም ጥቂት ነው፣ ጽሑፉ ከተሰራጨ ወዲህ ደሞ ተለቅ ተለቅ ያሉት ልጆች «ኮች ማጠፍ ይቻላል እኮ ተብሏል» እያሉ ክርናቸውን ጆሯቸው ድረስ እያጠፉ መምታት ጀምረዋል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

ከስሞቹ ልጀምር፣ ምክንያቱም ሰውን ያሳመነው እሱ ነው። ጽሑፉ አራት ሰው ይጠራል፣ ሃሪ ቫርደን፣ ኤድ ፈርጎል፣ ካልቪን ፒት እና ጆርዳን ስፒት። የአራቱም ክርን የሆነ ቦታ ላይ ይታጠፋል፣ እሱ እውነት ነው፣ አልተዋሸም። ስህተቱ አራት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ጨፍልቆ «አያችሁ» ማለቱ ነው።

ኤድ ፈርጎል ልጅ እያለ ግራ ክርኑ ተሰብሮ ሳይዘረጋ ታጥፎ ቀረ፣ በዛው ክንድ በ1954 ኒው ጀርሲ ውስጥ ባልተስሮል በሚባለው ሜዳ ላይ ከጎልፍ ትልልቅ ውድድሮች አንዱን፣ የአሜሪካን ኦፕን አሸነፈ። ካልቪን ፒትም ልጅ ሆኖ ከዛፍ ወድቆ ግራ ክርኑ ተሰብሮ ከዛ በኋላ ክንዱ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶለት አያውቅም፣ ጎልፍ የጀመረው ራሱ ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው፣ ግን ከ1981 እስከ 1990 ድረስ አስር ዓመት በተከታታይ ፒጂኤ ቱር በሚባለው የአሜሪካ ፕሮፌሽናሎች ውድድር ላይ ድራይቩን (የመጀመሪያውን ረጅም ምት) ፌርዌይ (የታጨደው የመሃል ሳር) ላይ በማሳረፍ የሚቀድመው ሰው አልነበረም፣ 12 የቱሩን ውድድሮችም አሸንፏል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ለኔ ከየትኛውም ቻምፒዮን በላይ የሚያስደንቁኝ ሰዎች ናቸው። ግን ጸሐፊው ያላየውን ነገር እዩልኝ፣ የፈርጎል ክርን ደርቆ የቀረ ክርን ነው፣ የፒትም ክርን ሊዘረጋ የሚችለው እስከሆነ ቦታ ብቻ ነው፣ ያ ቦታ ዛሬም ነገም ያው ነው። ማለትም ከትከሻቸው እስከ እጃቸው ያለው ርቀት ኳሷ ጋ ሲደርሱ አይለዋወጥም። ዱላው ሁልጊዜ እዛው ቦታ ይመለሳል። እነሱ የሚያስተምሩን «እንደፈለጋችሁ እጠፉ» ሳይሆን ርቀታችሁን አትለዋውጡ ነው፣ እኛም ጤነኛ ክርን ያለንን ሰዎች ክንዳችሁን ዘርጉ የምንለው ለዚሁ ነው፣ ምክንያቱም ጤነኛ ክርን በየምቱ ሳይለዋወጥ በቀላሉ ሊደገም የሚችልበት ቦታ ተዘርግቶ ሲያልቅ ያለው ቦታ ብቻ ነው። 25 ዲግሪ አጥፈህ በሚቀጥለው ምት ደሞ እዛችው 25 ላይ መመለስ ማን ይችላል?

ጆርዳን ስፒት ሌላ ጉዳይ ነው። በ2015 ማስተርስ የሚባለውን ትልቅ ውድድርም የአሜሪካን ኦፕንም የወሰደ ልጅ ነው፣ የሱ ግራ ክርን መታጠፉ ጎልቶ የሚታየው ኳሷን ሲመታና ካለፋት በኋላ ነው፣ የዱላውን ፊት እንዳይዘጋበት በሰውነቱ መዞር እየያዘው። የጽሑፉ ርዕስ ባክስዊንግ ሆኖ ምሳሌው ከምት በኋላ ያለ ነገር ከሆነ ምኑን ከምኑ አገናኘው?

ቫርደን ብቻ ነው በትክክል ጸሐፊው የሚለውን ያደረገው፣ ላይ ሲደርስ ክርኑ ለቀቅ ይል ነበር፣ በ1896 እና በ1914 መሃል ደሞ የብሪታንያውን ዘ ኦፕን ስድስት ጊዜ አሸንፏል። እሺ። ግን ቫርደን የሚመታው በሂከሪ እንጨት ሻፍት (የዱላ ዘንግ) ነው፣ የሚጠማዘዝ፣ ቀስ ተብሎ የሚጠበቅ ዱላ ነው፣ በብሪታንያ በኩል የብረት ሻፍት የተፈቀደው በ1929 ነው፣ የሱ ዋና ዘመን ካለፈ በኋላ። ሲወርድ ደሞ ክንዱ ኳሷ ጋ ሳይደርስ ይዘረጋል፣ ሰውየው ዕድሜውን በሙሉ ሥራው አድርጎ የያዘው ጉዳይ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ስቲክ ለሚይዝ ልጅ ይሄን ምሳሌ መስጠት ልጁን መበደል ነው።

አሁን ጽሑፉ ጭራሽ ያልነካው ነገር ላይ ልምጣ፣ ለኔ ዋናው ይሄ ነው። እስቲ ሜትር አውጡ። ካንድ መካከለኛ ሰው ትከሻ እስከ ክርኑ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ከክርኑ እስከ ግሪፑ (ዱላው የሚያዝበት ቦታ) ደሞ 33 ሴንቲ ነው እንበል፣ ሲዘረጋ 63 ሴንቲ መሆኑ ነው። ክርኑን 10 ዲግሪ ብቻ ለቀቅ ቢያደርገው እጁ ወደ ትከሻው የሚቀርበው ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ ምንም ማለት አይደለም። 30 ዲግሪ ካጠፈው ግን 2 ሴንቲ ይቀርባል፣ ትንሽ እንዲያውም ያልፋል። 60 ከሆነ ስምንት ሴንቲ ተኩል ሊሞላ ምንም አይቀረውም፣ 90 ከገባ ደሞ ከ18 ሴንቲ በላይ ነው። ቀስ ብሎ ጀምሮ ከዛ በኋላ የሚሮጥ ሒሳብ ነው፣ በትሪያንግል የሚወጣ የትምህርት ቤት ሒሳብ ነው፣ ማንም ደብተር ላይ ሊያየው ይችላል።

አሁን ኳሷን አስቡ። በሕጉ የጎልፍ ኳስ ስፋቷ ከ42.67 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም፣ ግማሿ 21 ሚሊ ሜትር ምናምን ነው። ስለዚህ ኳሷ ጋ ስትደርስ ክርንህ 30 ዲግሪ ታጥፎ ከቀረ፣ ሌላው ሰውነትህ ምንም ሳይሳሳት የዱላው ጫፍ የኳሷን ወገብ ነው የሚያገኘው። ቶፕ ማድረግ የምንለው ይሄ ነው፣ ያቺ ሳር ለሳር እየተንከባለለች ሃያ ሜትር ላይ የምትቆም ምት። ታድያ ልጁ እንዳትደገምበት ብሎ በሚቀጥለው ምት ትከሻውን ዝቅ ያደርጋል፣ ጉልበቱን ያጥፋል፣ ያን ጊዜ ደሞ ክርኑ ሲዘረጋለት ከኳሷ ኋላ መሬቱን ይቆፍራል። ቶፕ፣ ከዛ መሬት፣ ከዛ ቶፕ። ይሄን እኔ በየሳምንቱ ነው የማየው፣ የሱሉልታ መሬት ደሞ ይቅር አይልም፣ በክረምት ዋልካ ጭቃው የዱላውን ጫፍ ውጦ ያስቀረዋል፣ በጋ ሲሆን ያው መሬት ተሰነጣጥቆ ሲሚንቶ ይሆናል፣ ዱላው ነጥሮ የእጅ አንጓህን ይነዝረዋል። ጥሩ ምንጣፍ ላይ የሚመታ ሰው ከኳሷ ኋላ ቢያርፍበትም ዱላው ተንሸራቶ ኳሷን ያገኝለታል፣ ስህተቱን አያውቀውም። ጸሐፊው ምንጣፍ ላይ እንደሚለማመድ ጽፏል፣ ለዛ ይመስለኛል ነገሩ ቀላል የመሰለው።

ከዚሁ ሒሳብ ጸሐፊው ትክክል የሆነበትም ነገር ይወጣል፣ እሱንም ልናገር። ክንድ ማድረቅ ጎጂ ነው ያለው ትክክል ነው፣ መቶ በመቶ። 10 ዲግሪ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ብቻ ካስከፈለ ክርኑን እስኪቆለፍ ድረስ መግፋት ምንም ትርፍ የለውም፣ ጉዳት ግን አለው፣ ክርንን የሚቆልፍ ሰው ትከሻውንና አንጓውንም አብሮ ነው የሚቆልፈው፣ አንጓ ከተቆለፈ ደሞ የዱላው ፍጥነት ሞተ ማለት ነው። ስዊንግን የሚያጠኑ ሰዎች ድርብ ፔንዱለም ይሉታል፣ ክንድ አንደኛው ዘንግ ነው፣ ዱላው ሁለተኛው፣ ማጠፊያው አንጓ ላይ ነው፣ ፍጥነቱ የሚወለደው ክንዱ ፍጥነት እየቀነሰ ዱላው ሲወነጨፍ ነው። ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ይሄን በሰውነቱ ያውቀዋል፣ ክንድህን ግትር ካደረግከው ጅራፉ አይጮህም፣ ክንድህን ደረትህ ላይ ሰብስበህም አይጮህም፣ ዘርጋ ግን ላላ አድርገህ ነው። ጽሑፉ የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ወስዶ ሁለተኛውን ጣለው። «ቀጥ» ሲባል «ደረቅ» ብሎ ስለተረዳው መድኃኒቱ ማጠፍ መሰለው፣ መድኃኒቱ ግን ማላላት ነው፣ ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

እንዴት ነው ታድያ ሳይደርቅ የሚዘረጋው ላላችሁ፣ እኔ ለልጆቹ «ክንድህን ቀጥ አድርግ» ብዬ አዝዤ አላውቅም፣ እንደዛ ያልከው ልጅ ጥርሱን ነክሶ ነው የሚቆመው። የማሳየው በሌላ እጁ ነው። አንድ አስራ ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅ አለኝ፣ ፈጣን፣ ጉልበት ያለው፣ ግን ሁልጊዜ ላይ ሲደርስ ግራ ክርኑ እጥፍ ብሎ ዱላው ጀርባው ላይ ይወድቃል። ሰባት ቁጥር አይረን የሚባለውን የብረት ዱላ አስያዝኩትና የቀኝ መዳፉ መሃል ያለችው መስመር የግራ አውራ ጣቱን እንድትሸፍን አደረግኩ፣ ከዛ ቀኝ መዳፍህ ያንን አውራ ጣት ከደረትህ ወደ ውጭ በትንሹ እየገፋ ወደ ኋላ ይሂድ አልኩት፣ ሌላ ምንም አላልኩም። ግራ ክንዱ ተዘረጋ፣ እሱ ሳይዘረጋው ነው የተዘረጋው፣ የክንዱ ጀርባ ጡንቻ ሳይወጠር፣ ስነካው ለስላሳ ነው። ዱላው ወገቡ ከፍታ ትንሽ አለፍ ሲል አቁም አልኩት፣ ከዛ ይምታ። የመጀመሪያዋ ድምፅ ራሷ ተለየች፣ ያ መሬት የመውቃት ድምፅ የለም፣ የተቆረጠችው ሳር ደሞ ኳሷ ከነበረችበት ቦታ በፊት ለፊት ነው ያለችው፣ ከኋላ አይደለም። ልጁ ጎንበስ ብሎ ያቺን ሳር ነው ያየው፣ ኳሷ የት እንደሄደች እንኳን አላየም። አይረን በደንብ መመታቱን የምታውቀው እዛች ሳር ላይ ነው።

ማጠፍ ባክስዊንግ ያስረዝማል የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ዱላው ወደ ኋላ ስለወደቀ ረዘመ ማለት አይደለም። አስፈላጊው የትከሻ መዞር ነው፣ ክርን ሲታጠፍ ትከሻው ቀድሞ ቆሟል፣ የተቀረውን መንገድ የሄደው እጅ ብቻ ነው። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚታጠፈው ትከሻው ስላልዞረ ነው፣ ሰውየው መዞሩ አልቆበት ገና ዱላው ከፍ ይበል ብሎ ስለሚጎትት። እዛው ትከሻው በቆመበት ቦታ ቢያቆመው ባክስዊንጉ አጥሮም የተሻለ ይመታል።

«ሲወርድ በራሱ ይዘረጋል» የሚለው ግን አታላይ ስለሆነ ቆም ብለን እንየው። እውነትነት አለው፣ ዱላው በፍጥነት ሲዞር ወደ ውጭ ይጎትታል፣ ያ መጎተት የላላ ክንድን ይዘረጋል። ችግሩ «የላላ» የምትለዋ ላይ ነው። ዳውንስዊንጉን (ዱላውን ወደ ኳሷ ማውረዱን) ከእግሩና ከዳሌው የሚጀምር ሰው ክንዱ ስለሚላላ ይዘረጋለታል። ጀማሪ ግን የሚጀምረው በእጁ ነው፣ ኳሷን ሊገድላት ይፈልጋል፣ በእጅህ ስትጎትት የሚሠራው ደሞ የክንድህ የፊት ጡንቻ ነው፣ የዚያ ጡንቻ ሥራው ክርን ማጠፍ ነው እንጂ መዘርጋት አይደለም። ስለዚህ አጥፎ የወጣ ጀማሪ አጥፎ ነው የሚወርደው። ጊዜም የለውም እኮ፣ ዳውንስዊንግ በሙሉ የሚፈጀው ሩብ ሰከንድ አካባቢ ነው፣ በዛች ውስጥ አንጓም ይለቀቅ፣ ዳሌም ይዙር፣ ክርንም ከ60 ዲግሪ ወደ ዜሮ ይመለስ፣ በየምቱም በትክክሏ ቅጽበት ይገናኙ ማለት ነው። አንጓ አንድ ማጠፊያ ነው፣ እሱን በሰዓቱ መልቀቅ ራሱ ዓመታት ይወስዳል። ለምን ሁለተኛ ማጠፊያ እንጨምርለታለን?

ከፍታው ላይ ደሞ ጸሐፊው ግማሹን ነው የነገረን። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል፣ ኳስ የሚይዛት ነገር ስለሚቀንስ ትርቃለች፣ ከውጭ የመጣ ተጫዋች በመጀመሪያው ቀን ግሪኑን (ጉድጓዷ ያለችበትን ሳር) አሳልፎ ሲመታ የሚገረመው ለዛ ነው። ግን ቀጭን አየር የሚጠቅመው አየር ላይ ለወጣች ኳስ ነው። ወገቧን ተመትታ ሳር ላይ የምትንከባለል ኳስ የአየሩ መሳሳት ምን ያደርግላታል? እዚህ ሜዳ ላይ እንዲያውም ኳስ ስትርቅ ስህተቱም አብሮ ይርቃል፣ ቦይ ውስጥ ገብታ የምትጠፋው ደሞ አንድ ናት፣ ምትክ የለንም። ከፍታ ላይ ለሚጫወት ሰው የሚያስፈልገው ንጹህ ምት ነው።

ስለ ክርን ጉዳት የተጻፈው ግን በቁም ነገር የሚታይ ስለሆነ አላጣጥለውም። የመሪ ክንድ ክርን ከውጭ በኩል መታመም ጎልፍ ተጫዋቾች ላይ ያለ ነገር ነው። መንስኤው ግን መዘርጋቱ አይደለም፣ ግሪፕን አንቆ መያዝ፣ ብዙ መምታትና መሬት መውቃት ነው፣ ሦስተኛውን ደሞ ከላይ እንዳየነው የሚያበዛው የሚለዋወጥ ክርን ነው። ክርኑን ቆልፎ ደረቅ መሬት የሚመታ ሰው ይጎዳል፣ እሱ ላይ እንስማማለን።

አንድ ነገር ላይ ደሞ ከጸሐፊው ጎን እቆማለሁ። ትከሻቸው ወይ ጀርባቸው አልዞር ያለ ትልልቅ ሰዎች፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ የጀመሩ አባቶች፣ ላይ ሲደርሱ ክርናቸው ትንሽ ቢለቅ ማንም አይንካቸው። ለነሱ «ቀጥ» እያልን ብንጮህ ወገባቸውን ነው የምናሳምመው። ለነሱ የሚሆነው ባክስዊንጉን አሳጥሮ ክንዱ ረጅም ሆኖ በሚቆይበት ቦታ ማቆም ነው፣ ካላስቻለም ትንሽ ታጥፎ ይምጣ፣ የሚያም ነገር ካለ ደሞ መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

እና ወንድሜ፣ ጽሑፍህን አጥፋ አልልህም፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ቀይርልኝ። «ጀማሪ ስለ ክርኑ ጭራሽ ባያስብ ይሻለዋል» የሚለውን አውጣና «ጀማሪ ክንዱን ሳያደርቅ ረጅም አድርጎ ይያዝ፣ ባክስዊንጉንም ክርኑ መታጠፍ ከመጀመሩ በፊት ያቁም» በለው። ካልተዋጠልህ ደሞ ስልክህን ከፊት ለፊትህ በደረትህ ከፍታ አቁመህ በስሎው ሞሽን ቅረጽ፣ ግማሹን ምት አጥፈህ ግማሹን ዘርግተህ፣ ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ሳር ላይ፣ ከዛ ቪዲዮውን ዱላው ኳሷን በሚነካባት ቅጽበት እያቆምክ ክርንህንና የተቆረጠውን ሳር አስተያይ። ያየኸውን ጻፍልን፣ ልጆቹ ያነቡሃል።